ሁለት ጣት ያደገው ቅጥያ

ሽቅብ ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ቅጥያውን አይነካም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማ ክሩን ሁለት ጊዜ ይቋጥራል፣ ይነሣል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ ቅጥያውን ከበሩ ጀርባ አንሥቶ በግራ ብብቱ ሥር ሽው አድርጎ ይሰደዋል። መጨረሻ ላይ ጎኑን መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ መጎንበስ የሚባል ነገር የለም። ሳንቲም ቢወድቅበት እንኳ በእግሩ ረግጦ የሚያነሣለት ሰው ይጠብቃል።

ቅጥያው ከክንድ ትንሽ የሚያጥር፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። በፑል መጫወቻ ስቲክ ወፍራም ጫፍ ላይ ይሰካና ስቲኩን ያስረዝመዋል። በአንዱ ጫፉ ስቲኩን አንቆ የሚይዝ ጎማ አለው፤ ሌላው ጫፉ የእጅ መያዣ እንዲሆን በጥቁር ቆዳ ተጠቅልሏል። የሚሸከመው ደግሞ ልዩ ኪስ ነው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከመጋረጃ በተረፈ ጨርቅ በኮቱ ገበር ውስጥ ከብብቱ እስከ ዳሌው የሚወርድ ጠባብ ኪስ ሠርታለታለች። በልኩ ስለሆነ ቅጥያው ሲገባ ከላይ ብቅ አይልም፣ ከታችም አይንቀሳቀስም። በዚህ የተነሣ ሽቅብ ሲቀመጥም ሲቆምም ቀጥ ያለ ነው። የማያውቁት ሰዎች ኩራተኛ ይሉታል።

አንድ ቀን ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሲፈትሸው እጁ ብረቱ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፑል ስጫወት የምይዘው ነው።»

«በዚህ ነው ኳስ የምትመታው?»

«አልመታበትም። እደርስበታለሁ።»

ጥበቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። «ይግቡ» አለ፣ አንተ ማለቱን ትቶ።

ስሙ ሌላ ነው። ሽቅብ ያለው ሰፈሩ ነው። አጭር ሰው ሆኖ ሳለ ሥራው መጋረጃ መስቀል በመሆኑ፣ ሰው ሲያናግርም ሥራ ሲሠራም አንገቱ ወደ ላይ ነው። ቅጥያው ለፑል የተሠራ ይሁን እንጂ ጨዋታ እስኪደርስ ሥራ ፈትቶ አይውልም። የሊፍቱን የላይኛውን ቁልፍ ይጫንበታል፤ ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ሳሙና ያወርድበታል፤ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሬዲዮ ሲያስጮህ ጣሪያውን ይኮረኩርበታል።

ከሥራ በኋላ ግን ወደ እውነተኛ ሥራው ይመለሳል። ፑል ቤቱ ከአንድ ጫማ መደብር ጀርባ ያለ ሰፊ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይሠራ ሰዓት፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ኳስ ስትመታ አንድ እግርህ መሬት መንካት አለበት። ለረጅም ሰው ይህ ሕግ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል። ለሽቅብ ግን ያለ ቅጥያው የጠረጴዛው ግማሽ የሰው አገር ነው።

«ለዚህ ሰውዬ በልኩ ጠረጴዛ ይሠራለት» ይላል ፀጉር ቆራጩ። የሽቅብ የቡድን ጓደኛ ነው፣ አንገቱ ረጅም፣ ምላሱ ከአንገቱ የረዘመ። «ሻይ ከነስኒው የሚቀመጥበት ዓይነት።»

«አንተ ደግሞ ቁመትህ የጠቀመህ ዝናብ ከሰው ቀድሞ እንዲመታህ ብቻ ነው» ይላል ሽቅብ፣ ቅጥያውን ከኮቱ ስቦ እያወጣ።

የቅጥያው ትልቁ አገልግሎት ግን ይህም አይደለም። ሽቅብ ይለካበታል።

ድሮ እንደ ማንኛውም መጋረጃ ሰቃይ የጨርቅ ሜትር ነበረው። ሜትሩ በየመሰላሉ ላይ ሲጎተት ኖሮ ተለጥጦ ነበር፤ ደግሞም በአንድ እጁ መሰላል ለያዘ ሰው የሚልፈሰፈስ ነገር አይመችም። አንድ ቀን ሜትሩን ደንበኛ ቤት ረስቶ ሌላ ቤት ሄደ። ምን ያድርግ? ቅጥያውን አወጣና ከመስኮቱ አናት እስከ ወለሉ እያፈራረቀ ለካ። ማታ ለሚስቱ «አራት ቅጥያ ከስድስት ጣት» አላት። ሚስቱ አልሳቀችም። አሮጌ የመጥረጊያ እንጨት አመጣች፣ ቅጥያውን አጠገቡ አስተኛች፣ በኖራ ምልክት አድርጋ በልኩ ቆረጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ሁለት እኩል መለኪያ አለ፤ ቅጥያው ከሱ ጋር ይዞራል፣ እንጨቱ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። እሱ ስንት ቅጥያ እንደሆነ በቃሉ ይዞ ይመጣል፣ እሷ በእንጨቷ ትቆርጣለች። የሱ ጣት ወፍራም ስለሆነ ለስድስት ጣት ሰባት ጣቷን ትሰጠዋለች። ደንበኞች ሜትር ስለማያዩ መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። መጋረጃው ሲሰቀል ግን ወለሉን ሳም አድርጎ ይቆማል፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ሰሞኑን እስኪስት ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ፑል ቤት ነው። ሽቅብ ድሮ በቅጥያው እንደ ልቡ ይደርስባት የነበረች የጠረጴዛ ጥግ ትሸሸው ጀመር። ዘርጋ ሲል ስቲኩ ከነጯ ኳስ ትንሽ መለስ ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ የጠረጠረው ጠረጴዛውን ነበር።

«ጠረጴዛ ቀይራችኋል እንዴ?» አለው የፑል ቤቱን ባለቤት።

«ጨርቁን እንኳ አልቀየርንም።»

እውነቱን ያወቀው አንድ ጠዋት ካልሲውን ሲያጠልቅ ነው። ጀርባው ድሮ ይታጠፍበት ከነበረበት ቦታ ቀደም ብሎ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለው። እግሩን ወደሱ ማምጣት ነበረበት። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱማ በጭራሽ። ሚስቱ መሰላሉን ተው ማለት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ለመስቀሉ ወጣት ሰው እንቀጥር፣ አንተ ወርደህ ለካ ትለዋለች። ጀርባው አልታጠፍ ማለቱን ከሰማች ያን ዕለት መሰላሉ ይሸጣል። መሰላል ላይ ሲወጣ ብቻ ነው ሽቅብ ሰውን ቁልቁል የሚያየው፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ የሚለቁት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄደ።

«ይሄን ቅጥያ አስረዝምልኝ» አለው ቶርኖ ሠራተኛውን።

«ቅጥያ ይቀጠላል እንዴ?»

«አንተ ቀጥለው።»

«በምን ያህል?»

«ሁለት ጣት።»

ቶርኖ ሠራተኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ቆይ፣ ያጠረው ቅጥያው ነው ወይስ አንተ?»

«ብረትህን ቁረጥ።»

ሥራው ጥሩ ነበር። ቁራጩ በመያዣው ጫፍ ላይ ገብቶ ተበየደ፣ ተሞረደ፣ ቆዳው ከላይ እንደገና ተጠቀለለበት፤ የነገሩት ሰው ካልሆነ በቀር ዓይን አይለየውም። ኪሱ ብቻ አስቸገረ። በልኩ የተሠራ ኪስ በመሆኑ ቅጥያው በብብቱ በኩል አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ሽቅብ ገበሩን ገልብጦ የኪሱን ታች በምላጭ ተረተረውና ቅጥያው እስከ ኮቱ ጠርዝ ዝቅ አለ። ያን ቀን ፑል ቤት ገብቶ ያቺን ጥግ ደረሰባት። ፀጉር ቆራጩ አጨበጨበ። ሽቅብ ደስ አለው። ስለ መለኪያው ግን ለቅጽበት እንኳ አላሰበም። ቅጥያው ኪሱ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ነገር ነው፤ ማን ሰው ክንዱ አድጎ እንደሆነ ያጣራል?

የአንዲት ጥርስ ሐኪም ቤት የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነበር። አዲስ ቤት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርዱ ሰፋፊ መስኮቶች፣ ከባድ አረንጓዴ ጨርቅ። ሽቅብ እያንዳንዱን መስኮት ለካ፤ ሁሉም ድፍን አምስት ቅጥያ። ሚስቱ ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች። የሚሰቀልበት ቀን ሽቅብ መሰላሉ ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ቀለበት ሲያስገባ የጥርስ ሐኪሟ ቡና ስኒዋን ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ገና ይወርዳል አይደል?»

«የቱ?»

«መጋረጃው።»

«አልቋል እኮ።»

የጥርስ ሐኪሟ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየች። «እንግዲያው ወንዝ ሊሻገር ሱሪውን የሰበሰበ ሰው መስሏል።»

ሽቅብ ቁልቁል አየ። በመጋረጃውና በወለሉ መካከል አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ አለ፤ ከሥሩ ድመት ሳይጎነበስ ያልፋል። ደንግጦ ሊለካ ቅጥያውን ከኮቱ መዘዘ። እጁ ቆዳው ላይ ሲያርፍ፣ እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ ነገሩ ገባው። እሱ የለካው በረዘመው፣ ሚስቱ የቆረጠችው በድሮው። በየአንዳንዱ ቅጥያ ሁለት ጣት፣ አምስት ጊዜ።

«እናስተካክለዋለን» አለ።

«አይዞህ፣ አልቸኩልም። ጎረቤት እንዳያየኝ ግን እስከዚያ ተሰቅሎ ይቆይልኝ» አለች። ከጥርስ ሐኪም እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልጠበቀም።

ቤት ሲገባ የሚናገረውን በመንገድ ላይ አሰናድቶ ነበር። ሚስቱ ግን ቀደመችው።

«እንዴት ሆነ?»

«ትንሽ... አጥሯል።»

«በምን ያህል?»

«ስንዝር።»

መቀሷን አስቀመጠች። ከዚያ እንጨቷን አንሥታ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ለካች፤ የጠረጴዛውን ልክ ታውቃለች፣ ልኩ ነው። እንደገና ለካች።

«አምስት አልከኝ አይደል?»

«አምስት።»

«አምስት ነው የቆረጥኩት?»

ሽቅብ አፉን ከፈተ። መሰላሉ ድቅን አለበት። «እኔ እንጃ» አለ።

ይህቺ «እኔ እንጃ» ናት ሁሉን ያበላሸችው። ሚስቱ በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ መነጽር አሠርታ መጣች። መነጽሩን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትሠራ፣ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ሁለቴ፣ ሦስቴ ስትለካ፣ ሽቅብ ሻዩ ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ጀመር።

ቀጣዩ ሥራ ጡረታ የወጣ መምህር መኝታ ቤት ነበር። ሽቅብ ይህን ጊዜ ብልጥ ልሁን አለ። በረዘመው ቅጥያ የለካውን በጭንቅላቱ ወደ ድሮው ቅጥያ ይመልሰዋል፤ ሚስቱ ምንም ሳታውቅ ሁሉም ነገር ልክ ይመጣል። ደረጃውን ሲወርድ ለእያንዳንዱ ቅጥያ ሁለት ሁለት ጣት ጨመረ። አውቶቡስ ውስጥ ጨምሬ ነበር ወይስ አልጨመርኩም ብሎ ተጠራጠረና እንደገና ጨመረ። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ለማንኛውም ብሎ ጥቂት አከለበት። መጋረጃው ሲሰቀል መሬት ላይ ተርፎ እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ። መምህሩ አልተቆጣም፤ ድመቱ ግን ትርፉ ጨርቅ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ፣ ይህን የሚቆርጥ ወዮለት የሚል ይመስል ነበር።

ሚስቱ ግን ስትሰማ ተቀመጠች።

«አንዱ አጠረ፣ አንዱ ረዘመ» አለች። «ዓይን ቢሆን አንድ ዓይነት ነበር የሚሳሳተው። እጄ ነው እንግዲህ።»

«እጅሽ ምን ሆነ? እጅሽማ...»

«ተው፣ አታባብለኝ። ቅዳሜ እህቴ ትምጣና መቀሱን ትውሰድ። እሷ ትቁረጥ፣ እኔ ዝም ብዬ እሰፋለሁ።»

ያ መቀስ ከሚስቱ በቀር የማንም ጣት ገብቶበት አያውቅም። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ወረቀት ሊቆርጥበት ሲል ተይዞ ለሳምንት ያህል ተኮርፏል።

ቅዳሜ ደረሰ። ዕለቱ ፑል ቤት ትልቅ ጨዋታ ያለበት ቀን ነበር፤ የነሽቅብ ቡድን ከታክሲ ሹፌሮቹ ጋር የመጨረሻውን ይጫወታል። ፀጉር ቆራጩ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ሽቅብ ጫማውን አስሯል፣ ኮቱን ለብሷል፣ ጎኑን መታ መታ አድርጓል። በሩን ሲከፍት ግን የሚስቱ እህት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፣ አፏ እንደ ስፌት መኪናዋ አያርፍም።

«ጋሼ! እንደምን ነህ? ወፍረሃል፣ አይ አልወፈርክም፣ ኮቱ ነው። ወዴት ነው? ፑል ነው? አሁንም ፑል? እህቴስ? ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ግቢ» አለ። እሱም ተመልሶ ገባ፤ ለምን እንደተመለሰ ለራሱም አልገባውም።

ሚስቱ መቀሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታው ነበር። አጠገቡ እንጨቷ አለ። እንጨቷንም ልትሰጥ ነው።

«ይሄውልሽ» አለች ለእህቷ። «በደንብ ያዢው። ወረቀት አይነካም።»

«ወይ ጉድ፣ በእውነት ልትሰጪኝ ነው? በስልክ ስትነግሪኝ እኮ ቀልድ መስሎኝ...»

የእህቷ እጅ ወደ መቀሱ ሲዘረጋ ሽቅብ «ቆይ!» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። ከብብቱ ሥር ቅጥያውን መዘዘና እንጨቷ አጠገብ አስተኛው። ጫፋቸውን በአንድ በኩል አስተካከለ።

በሌላው በኩል ቅጥያው እንጨቱን አልፎ ሄዷል። ሁለት ጣት፣ የሱ ጣት።

እህትየዋ ዝም ስትል ከተወለደች የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«አስረዘምኩት» አለ ሽቅብ። «ከጥርስ ሐኪሟ ሥራ በፊት። እጅሽ ደህና ነው። ዓይንሽም ደህና ነው። ያጠረውም እኔ ነኝ፣ የረዘመውም እኔ ነኝ።»

ሚስቱ መነጽሯን አጠለቀች። ቅጥያውን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ፊቷ ለሰለሰ፤ ሽቅብ ይህን አልወደደውም።

«አንተ ሰውዬ» አለች በለሆሳስ፣ «እኔ እንዳላዝን ብለህ ነው አይደል ትናንት ሄደህ ያስቀጠልከው?»

«ምን?»

«እንዳይከፋኝ ብለህ በራስህ ላይ ልታደርገው ነው። አውቅሃለሁ።»

«ኧረ በፈጠረሽ! እውነቴን ነው የምልሽ!»

«አየሽ» አለች ለእህቷ ዞር ብላ፣ «እንዲህ ነው። ክፉ ሰው አይደለም።»

ሽቅብ እጅ እግሩ ታሰረ። በሕይወቱ እውነት ለመናገር ይህን ያህል ተቸግሮ አያውቅም። ቶርኖ ሠራተኛውን ጥሩልኝ ሊል አሰበ፤ ግን እሱም ወዳጁ ነው፣ ማን ያምነዋል? በመጨረሻ ኮቱን አወለቀና ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ኪሱን እዪው።»

ሚስቱ ኮቱን ወደ መስኮቱ ወሰደች። የኪሱን ታች በጣቷ ገለጠች። የተተረተረው ጠርዝ ፈትሉ ወጥቷል፣ ብረቱ ሲመላለስበት ጨርቁ ሳስቶ ጠቁሯል፣ በስፌቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ብናኝ ተጠቅጥቋል። ይህን ከማንም ቃል በላይ ታምነዋለች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ የትናንት አይደለም» አለች።

«አይደለም አልኩሽ እኮ።»

«ወር አልፎታል።»

«አልፎታል።»

መነጽሯን አወለቀች። አሁን ፊቷ የለሰለሰ አልነበረም። «እና እኔ ዓይን ሐኪም ቤት ተሰልፌ፣ የማይታዩ ፊደላት ሲያስቆጥሩኝ አንተ እዚህ ሻይ ትጠጣለህ?»

«ሻዩ አልወርድልኝ ብሎ ነበር።»

«አልወርድልህ ብሎ! እሰይ!»

«ጋሼ፣ ይሄስ ነውር ነው» አለች እህትየዋ፣ ዝምታው የበቃት ይመስላል። «እኔ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ መጥቼ...»

«አንቺ ትንሽ ቆዪ» አለች ሚስቱ። ወደ ሽቅብ ዞረች። «ለምን አስረዘምከው? ይሄን ያህል ዘመን በቅቶህ ሲኖር?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። መሰላሉ ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሰርቆ አየው።

«አልደርስም» አለ።

«የት?»

«ጥጓ ጋ። ጀርባዬ አልታጠፍ ብሏል።»

ሚስቱ ጨርቆቹን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሰበሰበችና መጥረጊያውን አምጥታ አስያዘችው። «አሳየኝ» አለች።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ሽቅብ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሌላውን አንሥቶ፣ የሚስቱን ጠረጴዛ እንደ ፑል ጠረጴዛ ተደግፎ መጥረጊያውን ዘረጋ። ጀርባው በዚያችው ቦታ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ሲታገል ፊቱ ቀላ፣ አየር ላይ ያለው እግሩ ተንቀጠቀጠ። እህትየዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፍ ነበር። ሚስቱ ኖራዋን አንሥታ የመጥረጊያው ጫፍ በደረሰበት ቦታ ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመረች።

«ድሮ የት ትደርስ ነበር?»

ሽቅብ በአገጩ አመለከተ። እዚያም መስመር አሰመረች። በሁለቱ መስመሮች መካከል ጣቷን አስቀመጠች።

«ሁለት ጣት» አለች።

«የሱ ነው ያንቺ?» አለች እህትየዋ።

«የሱ።»

ሚስቱ በድንገት ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ አፏ። ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ የነበረው ሽቅብም ሳቀ፣ ሲስቅ ጀርባውን ያዘውና ሁለቱ እህትማማቾች በየክንዱ ይዘው ቀና አደረጉት።

«መሰላሉን ትሸጪዋለሽ?» አለ እንደቆመ።

«ሁለተኛውን እርከን አታልፍም» አለች። «የላይኛውን ቀለበት በቅጥያህ ግፋው። ለምን ይሆን የያዝከው?»

ሽቅብ አሰበበት። ይቻላል። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ አሁን ይደርሳል።

ስልኩ ጮኸ፤ ፀጉር ቆራጩ ነው። ሽቅብ ኮቱን ለብሶ እጁን ወደ ቅጥያው ሲሰድ ሚስቱ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የትም አይሄድም።»

«ጨዋታ አለኝ እኮ!»

«እኔም ሥራ አለኝ። አዲስ እንጨት በልኩ መቁረጥ አለብኝ። ኪሱም ይሰፋል። ኮቱንም አውልቅ።»

ሽቅብ ፑል ቤት ያለ ኮትና ያለ ቅጥያ ገባ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ አላወቀውም።

«ቅጥያህስ?» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ሚስቴ እየለካችበት ነው።»

«ዛሬ? የመጨረሻው ቀን? ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ጤነኛ አይደለሁም። ጀርባዬ አይታጠፍም፣ ሁለት ጣት አጥሬያለሁ። ሌላ ማወቅ የምትፈልገው አለ?» አለ ሽቅብ ጮክ ብሎ፣ ሹፌሮቹም እንዲሰሙ። ለወራት ሲደብቀው የነበረውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሲጨርስ ማንም አልሳቀም። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለው፣ «እኔም መሪ ስይዝ ነው የሚብሰኝ» አለና ስለ አንድ የሚቀባ መድኃኒት ያወራው ጀመር።

ጨዋታው እስከ ጥቁሯ ኳስ ድረስ ሄደ። ጥቁሯ ያቺው ጥግ ላይ ቆመች፤ ነጯ ደግሞ ጠረጴዛው እምብርት ላይ። ሽቅብ አንድ እግሩን ተክሎ ተዘረጋ፣ ሁለት ጣት ቀረው፣ ሳተ። ሸምገል ያለው ሹፌር ጥቁሯን አስገባትና ጨዋታው አለቀ። ፀጉር ቆራጩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ረጅም እግሮቹን ያይ ጀመር።

ሽቅብ ቤት ሲመለስ እህትየዋ ሄዳለች። መቀሱ ከነጩ ጨርቅ ወጥቶ በቦታው ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ እንጨት አለ፤ አሮጌው በሁለት ተሰብሮ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብቷል፣ እንዳያምታታ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው። የኪሱ ታች በአረንጓዴ ጨርቅ ተቀጥሏል፤ ከጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ የተረፈ ነው። ቅጥያው ውስጡ ገብቶ ልክ ሆኗል። ከላይ ብቅ አይልም፣ ከታችም አይንቀሳቀስም።

«ተሸነፍክ?» አለች ሚስቱ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል።

«በሁለት ጣት።»

«ደግ። የጥርስ ሐኪሟ መጋረጃ ከታች ድርብ እጥፍ አለው። ሁልጊዜ እተዋለሁ፣ ታውቃለህ። ከተፈታ ስንዝር ይወጣዋል።»

ሰኞ ጠዋት ሽቅብ ጫማውን አስሮ፣ ቅጥያውን ኪሱ ከትቶ መሰላሉን ተሸከመ፤ ሚስቱ መቀሷን ያዘች፣ መነጽሯንም ረስታው ሄደች። የጥርስ ሐኪሟ ቤት ደርሰው እሱ ሁለተኛው እርከን ላይ ሆኖ መጋረጃዎቹን አወረደ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጥፉን መተርተር ጀመረች።